ሳጥኑ ለአንድ ደቂቃ ሲጠፋ

ልጄ ዱረቲ ለሁሉም ነገር ከአምስት ነጥብ ትሰጣለች። ወጥ ቀምሳ «ሦስት፤ ጨው አንሶታል» ትለኛለች። ቸርች ውስጥ መዘምራኑ አዲስ መዝሙር ሲያቀርቡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አራት» ትላለች። ሽማግሌ የላከ አንድ የባንክ ሠራተኛም ነበር፤ እሱ ሁለት አገኘና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ልማዱን ያመጣችው ከሬዲዮ ነው። አጭር ሞገድ የሚከታተሉ ሰዎች ሩቅ አገር ያለ ጣቢያ ሲያገኙ ድምፁ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደደረሳቸው ከአምስት ይመዝኑታል። አንድ ማለት ጩኸት ብቻ ነው። አምስት ማለት ተናጋሪው አጠገብህ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ያህል ነው። መዝነው ለጣቢያው በፖስታ ይልካሉ፤ ጣቢያው ደግሞ አመስግኖ ሥዕል ያለበት ካርድ ይመልስላቸዋል። የዱረቲ ክፍል ግድግዳ በእነዚህ ካርዶች ተሸፍኖ ነበር፤ የጃፓን ተራራ፣ የሆላንድ አበባ፣ ስሙን የማላውቀው ደሴት ላይ የቆመ መርከብ።

ሌላ እናት ብትሆን ትኮራ ነበር። እኔ ግን የመጀመሪያው ፖስታ የደረሰ ዕለት ምሳ መብላት አቃተኝ። ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ ቴምብሩን አይቶ «ዱረቲ ጀቤሳ ማናት?» ብሎ በሰው ፊት ተጣራ። የልጄ ስም በሰው ፊት እንዲጠራ አልፈልግም።

ምክንያት አለኝ። ወንድሜ ኢፋ በደርግ ጊዜ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተከለከለ ጣቢያ ሲሰማ ጎረቤት ጠቁሞበት ተወሰደ። ያኔ የምንኖረው ካቺሲ ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ በየገበያው ቀን መኪና ማቆሚያው ጋ ቆሞ የሚወርዱትን ሰዎች ፊት ሲያይ ይውል ነበር። ኢፋ ከመኪና ሳይወርድ ቀረ። እኔም ከዚያ ቤት ስወጣ ይዤ የወጣሁት ይህን ነው፤ ሬዲዮ ሰው ይወስዳል። ከዚያ አንዲት ሴት ልጅ ወለድኩ፣ እሷም ከዓለም ሁሉ ነገር መርጣ ሬዲዮ ወደደች።

ያስለመዳት ባለቤቴ ጀቤሳ ነው፤ ነፍሱን ይማር። ከጣሪያችን ጫፍ እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ ድረስ የመዳብ ሽቦ የዘረጋው እሱ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር መብረቅ በዚያ ሽቦ ላይ ወርዶ ልጄን ሬዲዮው ጋ ተቀምጣ ያገኛታል ብዬ እሰጋለሁ። የምሠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስለሆነ ሰው በምን በምን እንደሚጎዳ በየቀኑ አያለሁ። ከመብረቁ በላይ የምፈራው ግን ሌላውን ነበርና ጀቤሳ እንደሞተ ቃል አስገባኋት፤ ስለ አገራችን ፖለቲካ የሚያወሩትን የውጭ ጣቢያዎች እንዳትነካ።

«አዮ፣ እነሱን ማን ፈልጓቸው?» ብላ ሳቀችብኝ። «እነሱ እኮ ወደኛ አነጣጥረው ነው የሚልኩት፤ ማንም ያገኛቸዋል። ደስ የሚለው ላንቺ ያልተላከውን ማግኘት ነው።»

ቃሏንም ጠበቀች። ከተማችን አምቦ ግን ይሰማቸው ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ከአጥራችን ወዲያ፣ ከኦቦ ዋቅጋሪ ቤት፣ አንድ የዋሽንት ዜማ ከፍ ይልና ወዲያው ይቀነሳል። ከዋሽንቱ ቀጥሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ይመጣል። ኦቦ ዋቅጋሪ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። እኔ ያን ዜማ ስሰማ ልብስ ከገመድ ላይ አነሣለሁ፣ ወይም ድስት አንኳኳለሁ። አልሰማሁም ለማለት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ኩባንያ መጣና በሰፈራችን የመብራት ግንዶች ላይ ግራጫ ሳጥኖች ሰቀለ። ኢንተርኔት በመብራት ሽቦ ሊገባ ነው ተባለ። የተመዘገበ ሰው ትንሽ ዕቃ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ይሰካና ኮምፒውተሩ ይሠራለታል፤ ሌላ መስመር መዘርጋት የለም፣ ቁፋሮ የለም። ሰው ደስ አለው። እኔ እሳት ይነሣል ብዬ ማታ ማታ ሶኬቶቹን በእጄ እየነካሁ መሞቅ አለመሞቃቸውን አይ ጀመር።

እሳት አልተነሣም። የተነሣው ጩኸት ነው። ሳጥኖቹ በተከፈቱ ማግስት የሰፈሩ ሬዲዮ በሙሉ በአጭር ሞገድ ላይ ትኩስ መጥበሻ ላይ እንደተጣለ ሥጋ ይንጫጫ ጀመር። ዱረቲ ከጥግ እስከ ጥግ መቃኛውን አዞረችው። «አንድ» አለች። ደግማ አዞረችው። «አንድ። አዮ፣ አየሩን በሙሉ ወሰዱት።»

እውነቱን ለመናገር ቅር አላለኝም። ጩኸቱ ልጄን ከሬዲዮ ቢለይልኝ ብዬ ነበር።

በከተማው እንደ ዱረቲ ያሉ ሌሎች ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ሬዲዮ ጠጋኙ ኦቦ ኦልጅራ ነው። ሌላው ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ጡረታ የወጡ የቴሌግራፍ ሠራተኛ፤ እስከ ዛሬ አምቦን በድሮ ስሟ «ሀገረ ሕይወት» ነው የሚሉት። ሦስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦልጅራ ሱቅ ተሰብስበው ማን ምን እንዳገኘ ይነጋገራሉ።

የሳጥኖቹን ነገር ከሁሉ በፊት የቀመሰው ኦልጅራ ነበር። ሰው ሁሉ «ሬዲዮዬ ታመመብኝ» እያለ ይመጣበታል። ኦልጅራ ከፍቶ ያያል፤ ጤነኛ ነው። «ሬዲዮህ ምንም አልሆነም፤ የመብራት ሽቦው ነው» ሲል ማን ይመነው። ሰዎቹ ሬዲዮአቸውን በታክሲ ጭነው ጉደር ይወስዳሉ። ጉደር ሳጥን የለም። የጉደሩ ጠጋኝ ክዳኑን ከፍቶ አቧራውን እፍ ይልና ቢያበራው ጥርት ብሎ ይናገራል። እነሱም ተመልሰው «የጉደሩ ሰው እጁ መድኃኒት ነው፤ ኦልጅራ ግን አርጅቷል» ይላሉ። ሰፈር ደርሰው እንደገና ሲንጫጫ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ? «በመንገድ ላይ ተናውጦ ነው።»

«ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ስም ጉደር እፍ ብሎ ወሰደብኝ» አለ ኦልጅራ አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ። «አቤት ማለት አለብን።»

«ለማን?» አልኩት።

«ለቀበሌ፤ ለኩባንያው። ዱረቲ ደህና አድርጋ ታስረዳለች፤ ተምራለች፣ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።»

«ኦቦ ኦልጅራ፣ ስለ አጭር ሞገድ አቤት ማለት እኮ ቀበሌ ፊት ቆሞ ‘የውጭ ጣቢያ እሰማለሁ፣ አላሰማ አሉኝ’ ማለት ነው።»

«እኛ የጃፓን ሙዚቃ ነው የምንሰማው፣ አዴ ወርቅቱ።»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ዱረቲ በመሃል ገባች። «አዮ፣ አንቺ ዝናብ ሲዘንብም ጎርፍ፣ ፀሐይ ሲወጣም ድርቅ ነው የሚታይሽ።»

«ሁለቱንም አይቻለሁ» አልኳት።

አልሰማችኝም። መጀመሪያ ወደ ኩባንያው ኢንጂነር ሄዱ። ኢንጂነር አሻግሬ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪም ነው። ሬዲዮዎቻችሁ ስላረጁ ነው አላቸው። ዱረቲ የመብራት ሽቦ የተሠራው ለመብራት መሆኑን፣ ኢንተርኔት ሲጫንበት የተበሳሳ ጎማ ውሃ እንደሚረጭ የያዘውን ወደ አየር እንደሚረጭ፣ በሌላም አገር የሬዲዮ ሰዎች በዚሁ ጉዳይ እንደተከራከሩ ነገረችው። እሱም ማስረጃ አምጡ አለ። ቀበሌ ሄዱ። ኦቦ ዋቅጋሪ «በሚቀጥለው ስብሰባ ከልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር አስገባላችኋለሁ» አለ።

ስብሰባው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ሆነ። ዱረቲ ያሰበችው ቀላል ነገር ነው። ሬዲዮዋን በባትሪ ይዛ ትሄዳለች፤ አዳራሹ ውስጥ ከፍታ ጩኸቱን ታሰማለች፤ ከዚያ በር ላይ ያለው ሳጥን ለአንድ ደቂቃ እንዲጠፋ ትጠይቃለች፤ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ይፈርዳል።

ከመሄዳችን በፊት አስቁሜ ጠየቅኋት። «የትኛውን ጣቢያ ነው የምታሰሚው?»

«የእስያ ሙዚቃ ነው። እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ ዘፈን ብቻ ነው፤ ወሬ እንኳ የለውም። ካርዱ ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ጀልባ ያለበት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዮ፣ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ።»

ግድግዳው ላይ ሄጄ ጀልባውን አየሁት። ሐይቅ ላይ ያለች ትንሽ ጀልባ ናት። ጌታ ሆይ፣ በዚህች ጀልባ ጠብቃት ብዬ ጸለይኩና ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኳት።

ለዘጠኝ ሰዓት የተጠራው ስብሰባ እንደ ልማዳችን አሥር ተኩል ላይ ተጀመረ። ስለ ውሃ ተወራ። ስለ ድንጋይ ንጣፍ ተወራ። መጸዳጃ ያልቆፈሩ ሰዎች ተወቀሱ። ኢንጂነሩ ተነሥቶ የአምቦ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከዓለም ጋር እንደሚማር ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። ሁሉ ሲያጨበጭብ እጁን የሚያጣምር ሰው ይታያል።

ልዩ ልዩ ሲደርስ ውጭ ጨልሞ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነበር። ኦልጅራ ተነሥቶ ገና «ሳጥኖቹ» ሲል ከኋላ አንዱ «አንተ ሰውዬ፣ ሬዲዮው ሁሉ ጉደር ሄዶብህ ነው» አለውና አዳራሹ ሳቀ። ሌላው ቀጠለ፤ «ለራስህ ብለህ ልጆቻችንን ከኢንተርኔት ልታስቀር?» ኦልጅራ ተቀመጠ። ጋሽ እንግዳወርቅ ዱረቲን በከዘራቸው ነካ አደረጓት። «ተነሽ የኔ ልጅ። አፍ አያሳምናቸውም፤ አሰሚያቸው።»

ተነሣች። ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቀጭን ሽቦ በመስኮቱ አውጥታ፣ ከፈተችው። መጥበሻው ተንጫጫ።

«ይሄ አንድ ነው» አለች ረጋ ብላ። «አሁን እዚህ ውስጥ ጣቢያ አለ። እኛ ግን አንሰማውም። በሩ ላይ ያለው ሳጥን ለአንድ ደቂቃ ቢጠፋልኝ።»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። በራሱ ተማምኗል። ሠራተኛውን ላከው። የመሰላል ድምፅ ሰማን። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ሬዲዮው አዞረ።

ጩኸቱ ቀጥ አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የነበረ ዝናብ ባንድ ጊዜ እንደሚያባራው ሆነ። ከዚያ በዚያ ዝምታ ውስጥ ዋሽንት ወጣ።

ዱረቲ አምስት ጣቶቿን ዘርግታ አነሣች። «አምስት» አለች። ፊቷ በርቶ ነበር። «ሰማችሁ? አምስት።»

እሷ የሰማችው ጥራቱን ነው። ለሬዲዮ ሰዎች ድምፅ ሁሉ መጀመሪያ ድምፅ ነው፤ ምን እንደሚል የሚሰሙት በኋላ ነው። እኔ ግን ዜማውን ከአጥር ወዲያ አውቀዋለሁ። ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። አንገት ሁሉ ተደፍቶ ነበር። ዋሽንቱ ሲያልቅ አንድ ሰው በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጠንና የጣቢያውን ስም ተናገረ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ስሙ ሳይጠራ በፊት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን ጣቢያ ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

«አጥፊው» አለ ኦቦ ዋቅጋሪ በአማርኛ። ልጄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በኦሮምኛ እንጂ አናግሯት አያውቅም።

«አንድ ደቂቃ ኦቦ ዋቅጋሪ፣ ሳጥኑ ሲበራ ልዩነቱን—» ብላ ጀምራ ቆመች። አሁን ቃሉን ሰማችው። የእጇ ጣቶች አንድ በአንድ ሲታጠፉ አየሁ።

ኢንጂነሩ ኦሮምኛ አይሰማም። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «እሺ እህቴ፣ ልክ ነሽ» አለ። «ልዩነቱ ግልጽ ነው። ተቀብያለሁ፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት አሳውቃለሁ።»

ተከራክራ ያሸነፈችው በዚህ ዓይነት ነው። ሠራተኛው ሳጥኑን መልሶ አበራው፤ ጩኸቱም ሰውዬውን ሸፈነው። ያን ጩኸት በዚያች ቅጽበት ብቻ ወደድኩት።

የሆነውን ማታውኑ ነገረችኝ። ካርቶን ላይ ሰዓትና ቁጥር እየጻፈች ነበር የምታስረዳኝ። በመጋቢት መጨረሻ፣ ወቅቱ ሲለወጥ፣ የዓለም ጣቢያዎች ሰዓታቸውንና በሞገድ ላይ ያላቸውን ቦታ ይቀያይራሉ። አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ይገባበታል። በየዓመቱ ያን ሳምንት ተቀምጣ ማን የት እንደሄደ ታጣራ ነበር። ዘንድሮ ግን ጩኸቱ ሁሉን ስለሸፈነው ማጣራት አልቻለችም። ጀልባዋ ያለችበት ጣቢያ ሄዷል። በቦታው የገባውን ለማወቅ መስማት ነበረባት፤ እንዳትሰማ ያደረጋት ደግሞ ልትከስሰው የሄደችው ሳጥን ነው።

«ጉደር ሄጄ ማጣራት ነበረብኝ» አለች።

ካልሲዋንና ሹራቧን አውጥቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩላት። የት ለመሄድ ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

ጠዋት ሁለት ሰዎች መጡ። የቤታችንን በር ያሳያቸው ማን እንደሆነ መገመት አልፈልግም፤ ከአጥራችን ወዲያ ግን የዚያን ጠዋት በር ሳይከፈት አረፈደ። ሬዲዮውን ወሰዱ። ሽቦውን ከባሕር ዛፉ ላይ አወረዱ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው እየነቀሉ «ይሄ ማነው የሚጽፍልሽ?» ይሏት ነበር። «ጣቢያው ነው» ትላለች። «ለምን ይጽፍልሻል?» «ስለሰማሁት።» «ምን ብለሽ ጻፍሽለት?» «አምስት ብዬ።» ተያዩ። «አምስት ምን?»

እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ምን እንደሆነ ስታስረዳ ቆየች። ስንቅ ይዤ ስሄድ አንዳንድ ቀን ያሳዩኝ ነበር፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ዕቃውን ብቻ ይቀበሉኛል። የኦልጅራን ሱቅ አሸጉት፤ እሱን ለጥቂት ቀን ጠይቀው ለቀቁት፤ አሁን ጉደር ሄዶ ለዚያ እጀ መድኃኒት ጠጋኝ ተቀጥሮ ይሠራል። ጋሽ እንግዳወርቅን ማንም አልጠራቸውም። መጥተው እደጃፌ ቆመው አለቀሱ። «እኔንማ ሰው ብለው አልቆጠሩኝም፣ አዴ ወርቅቱ። ተነሽ ያልኳት እኮ እኔ ነኝ።» ግቡ አልኳቸው፤ አልገቡም።

ኦቦ ዋቅጋሪ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ጣቢያው የተከለከለው ጣቢያ መሆኑን አረጋገጠ። እንዴት አወቅኸው ያለው የለም።

ዱረቲ ስትወጣ ከስታ ነበር፤ ጸጉሯ ሳስቷል። በትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ የነበራት ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቃት። ከተማው ውስጥ ሰላም ይሏት የነበሩ ሰዎች ሲያዩዋት መንገድ ያቋርጡ ጀመር። ያ የባንክ ሠራተኛ አንድ ቀን ፊት ለፊት ገጠማትና ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ስንት እንደምትሰጠው ጠበቅኩ፤ ምንም አልሰጠችውም።

ሸነን ከተማ አንድ ዘመዳችን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ እዚያ ገባች። ሲመሽ መብራት ብዙ ጊዜ የለም። አየሩ ንጹህ ነው ይላሉ ጋሽ እንግዳወርቅ፤ እዚያ ሆኖ ሬዲዮ ቢከፈት ዓለም ሁሉ ይሰማል። ሬዲዮ እንዳልገዛች ዘመዳችንን አስጠይቄ አረጋግጫለሁ። አልገዛችም።

ሳጥኖቹን በሚቀጥለው ዓመት አወረዷቸው። የተመዘገበው ሰው ጥቂት ነበር፣ መብራቱም በየጊዜው ስለሚጠፋ ኢንተርኔቱ አብሮ ይጠፋ ነበር ተባለ። ኢንጂነሩ ሊሰናበት ሲመጣ ልጄን ጠየቀኝ። በእውነት አያውቅም ነበር። «ሪፖርቴ ላይ የእሷን ሙከራ ጽፌዋለሁ» አለኝ ሊያስደስተኝ። አመሰገንኩት።

ለገና ዱረቲ መጣች። ሲመሽ ደጅ ተቀምጠን ሽንኩርት እንልጣለን። አንድ ሰዓት ሲሆን ከአጥሩ ወዲያ ዋሽንቱ መጣ። በመካከል የሚንጫጫ ነገር ስለሌለ ቃል በቃል ይሰማል። ኦቦ ዋቅጋሪ ድምፁን ለመቀነስ እንኳ ተንጠራርቶ አልተነሣም፤ እንዳለ ተወው።

ልጄን አየኋት። አንገቷን እንደ ድሮው ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋለች። ፈራሁ። ልትነሣ ነው፣ አጥሩ ጋ ሄዳ ልትጮህ ነው፣ ነገ ጠዋት ሰው ሊመጣ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ሁሉም ታየኝ። ቢላዋዋን ሽንኩርቱ ላይ አስቀመጠችና ወደ ቤት ገባች። መስኮቱን ስትዘጋው ሰማሁ። ከዚያም በሩን።

ዕድሜዬን ሙሉ የለመንኩት ይህንኑ ነው። ብቻዬን ተቀምጬ የቀረውን ሽንኩርት ላጥኩ። ሰውዬው ሰላምታውን ጨርሶ ዜና ጀመረ። ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይደርሰኛል፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ያህል። ልብስ ከገመድ ላይ አላነሣሁም። ድስትም አላንኳኳሁም።